ሳይወርዱ የተለካ ውሃ

መጋቢት 19

ይድረስ ለአባዬ፤ ዳሌህን ለቀየሩልህ ሐኪሞችም፣ አንተን ችለው ላስቀመጡህ ለወንድሜና ለሚስቱም ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ለምን አልጻፍሽም ብለህ ሁለት ገጽ ሙሉ ተቆጥተኸኛል። ሳነበው ደስ ነው ያለኝ፤ እንዲህ መቆጣት ከቻለ ድኗል ማለት ነው አልኩ። ስልክ እንዳልደውል ጆሮህ አይሰማም፤ ወንድሜ መሃል ገብቶ ሲያስተላልፍልህ ደግሞ ግማሹን ይበላዋል። በደብዳቤ ይሁን ካልክ ይሁን። ለአውቶቡሱ ሹፌር ዛሬ ከሰጠሁት ነገ እጅህ ይገባል።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ። አዎ፣ የግድቡን ሣር አሳጭጃለሁ። አዎ፣ ላሞቹን ከግድቡ ጀርባ ላይ አባርሬያለሁ፤ ባለቤታቸውንም አብሬ። አዎ፣ የውሃ ቢሮው የሹመት ደብዳቤዬን ሰጥቶኛል፤ አንተ እስክትመለስ «ጊዜያዊ የግድብ ጠባቂ» ነኝ። የጥበቃ ቤቱን ጠርጌ ገብቼበታለሁ። አልጋህ ግን እንዴት ይጮኻል! ሠላሳ አንድ ዓመት እንዴት ተኛህበት?

ካፒቴኑ ሰላም ብሎሃል። (ባሕር በዐይኑ ዐይቶ ሳያውቅ ካፒቴን መባሉን ምራትህ ካላወቀች ንገራት፤ የመዝናኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፣ ጀልባ የሚያከራየው።) ሐይቁን በዋና የማቋረጥ ውድድሩ ሚያዝያ 10 ቀን ነው። አዲሱ የመዝለያ መድረክ አልቋል። ስምህን ሊጽፉበት ነው፣ አባዬ። ሰሌዳውን ዐይቼዋለሁ፤ ፊደሉ ክንድ ክንድ ያህላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በግድቡ ግርጌ ወዳለው ቱቦ የሚያወርደውን ደረጃ እሾህ ውጦታል። በመጥረቢያ ነው መንገድ ያወጣሁት። አንተ በየሳምንቱ ዓርብ ስትወርድ በየት በኩል ነበር? ሌላ መንገድ ካለ አሳየኝ፤ እጄ ተቧጥጧል። ደግሞ መዝገብህ ላይ ባልዲው በአርባ ሰከንድ ይሞላል ይላል። እኔ ዘንድ በሃያ ሁለት ሰከንድ ሞላ። ባልዲው ሌላ ይሆን?

ልጅህ

መጋቢት 21

ለጊዜያዊቷ የግድብ ጠባቂ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደኅና ነኝ። ወንድምሽም ሚስቱም ደኅና ናቸው፤ የማይበጀኝ ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ መሆኑ ብቻ ነው። ሐኪሙ በቀን ሃምሳ እርምጃ ብሎኛል። ሃምሳውን ከመኝታ ቤት እስከ ማድ ቤት ስመላለስ እጨርሰውና የቀረውን ቀን ምራቴ በምትለው ሁሉ ራሴን እየነቀነቅኩ እውላለሁ። ጆሮዬ አለመስማቱ እዚህ ቤት ትልቅ ጸጋ ነው።

አልጋውን አትሳደቢ።

ባልዲው ያው ባልዲው ነው። ሰዓትሽን አሠሪው። ወይም ባልዲውን አጋድመሽ ይዘሽው ይሆናል፤ ቀጥ አድርጊው፣ ጠጠር ላይ አስቀምጪው፣ ሰከንዱን የመጀመሪያው ጠብታ ከገባ ጀምሮ ቁጠሪ። ሦስት ጊዜ ለኪና መሃለኛውን ጻፊ። ይህን ሁሉ አስተምሬሽ ነበር፤ ትልቅ ሴት ሆነሽ ረሳሽው።

ስለ ሰሌዳው የጻፍሽልኝን ለወንድምሽ ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ፊደሉ ክንድ ያህላል ያልሽው እውነት ነው? ከጀልባ ላይ ይነበባል? ለሚያዝያ 10 ሐኪሙ ባይፈቅድልኝም እመጣለሁ፤ በቃሬዛም ቢሆን ውሰዱኝ።

የምትለብሺውን ካፖርት አትርሺ፤ በግድቡ አናት ላይ ጠዋት ጠዋት ንፋስ አለ። በመንገዱም አትጨነቂ፣ ከጠረግሽው ወዲያ ምን አለ።

አንድ ነገር ግን ሳትነግሪኝ አልፈሻል። ባልዲው ውስጥ የገባው ውሃ ንጹህ ነው ድፍርስ?

አባትሽ

መጋቢት 25

አባዬ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅር በለኝ። ባለፈው የዘለልኩት ላስደነግጥህ ስላልፈለግኩ ነው።

ድፍርስ ነው።

ሦስት ጊዜ ለካሁ እንዳልከኝ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቼ መስኮቱ ላይ አሳደርኩት፤ ጠዋት የጥፍር ውፍረት ያህል አፈር ሥሩ ተኝቷል። የአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ ማሳለፉ ባሕርዩ ነው፣ ንጹህ እስካለ ሰላም ነው፣ ከደፈረሰ ግን ውሃው ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነው ያልከኝ ስምንት ዓመቴ እያለ ነው። አልረሳሁም።

ለካፒቴኑ ነገርኩት። በትርፍ ውሃ ማስወገጃው አፍ ላይ የደረደራቸውን ሳንቃዎች አንሣ፣ የሐይቁ ውሃ በክንድ ዝቅ ይበል አልኩት። «ውሃው ዝቅ ካለ ከመድረኩ የሚዘል ሰው ጭቃ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው» አለኝ። ለውድድሩ ግድብ ያስፈልግሃል ስለው አፍንጫሽን ላሺ ሊለኝ ምንም አልቀረው። ቢሮ ሄድን። የቢሮው መሐንዲስ እኩያዬ ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። መዝገብህን ዘረጋችው። ስምንት ወር ሙሉ፣ በየዓርቡ፦ አርባ ሰከንድ፣ ንጹህ። አርባ ሰከንድ፣ ንጹህ። «የሠላሳ አንድ ዓመት ጠባቂ ስምንት ወር ደኅና ነው ካለና አንቺ በሁለት ዓርብ ደኅና አይደለም ካልሽ፣ ሐይቅ ለማጉደል በምን ልፈርም? እንደገና ለኪ፣ ዓርብ አምጪ» አለችኝ። ካፒቴኑ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

አሁን ልብህን ያዝ። መዝገቡን ይዤው ተመለስኩ። ቢሮ ውስጥ ገጹን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ቀኖቹን እንዳታይብህ አውራ ጣቴን ከመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ አላነሣሁም። አንተ ሆስፒታል የገባኸው የካቲት 12 ነው። መዝገቡ ላይ ግን እስከ የካቲት መጨረሻ ተለክቷል። በአንተ እጅ። አባዬ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ተኝተህ አርባ ሰከንድ፣ ንጹህ ብለሃል።

ያኔ ነው የደረጃው እሾህ ነገር የገባኝ። ያ እሾህ የአንድና የሁለት ወር አይደለም።

መቼ ነው መጨረሻ የወረድከው?

ከግድቡ ሥር ያለውን ሰፈር ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሥልሳ ቤት፣ አንድ ጤና ጣቢያ። በየበሩ ሄጄ ሌሊት ልብስ ለብሳችሁ ተኙ፣ ፊሽካ ስነፋ ወደ ኮረብታው ሩጡ ብያቸዋለሁ። ጠዋትና ማታ እወርዳለሁ። ግን ሳንቃውን በራሴ ሥልጣን ማንሣት አልችልም፤ የታችኛውም መዝጊያ ቁልፍ ቢሮ ነው። ሹፌሩ ነገ አንተ ዘንድ ነው፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል። መልስ ይዞ ካልመጣ የዚያኑ ዕለት መዝገቡን እኔ እራሴ ለመሐንዲሷ አሳያታለሁ። እኔ ካሳየሁት ግን ሌባ የያዝኩ ይመስላል። አንተ ብትናገር ይሻላል። ለአንተ ይሻላል፣ ለእኔም።

አልተቆጣሁህም። ተቆጥቻለሁ፤ ግን ኋላ ይደርሳል።

ልጅህ

መጋቢት 26

ልጄ፣

ሹፌሩ ታች ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ወንድምሽ ሻይ አስይዞታል። ስለዚህ እንዳመጣልኝ እጽፋለሁ።

መጨረሻ የወረድኩት ባለፈው ሐምሌ የመጀመሪያው ዓርብ ነው። ደረጃው ረጥቦ ነበር፣ ወደቅኩ። ቱቦው አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ በእጄም በጉልበቴም ወጣሁ። ለሰው ቤት ውስጥ ነው የወደቅኩት አልኩ፤ ለአንቺም። በሚቀጥለው ዓርብ ደረጃው አናት ላይ ቆምኩና እግሬ እምቢ አለኝ። ሕመሙ ብቻ አይደለም። ፈራሁ። ሰው ሳይሆን ደረጃ ፈራሁ።

ያኔ ብናገር ምን ይሉኛል መሰለሽ? መውረድ የማይችል ጠባቂ፣ ጠባቂ አይደለም። ያን ቤት ለቅቄ ወዴት ልሄድ? ነፍሷን ይማርና እናትሽ የሞተችው እዚያ ነው። እኔም እዚያው እሞታለሁ ብዬ ነበር። ስለዚህ አልኩ፦ ስድስት ዓመት አርባ ሰከንድ የነበረ ውሃ በአንድ ወር ምን ይሆናል? አርባ ጻፍኩ። በሚቀጥለውም አርባ ጻፍኩ። በኋላ በኋላ በወር አንዴ ቁጭ ብዬ አራቱንም ዓርብ እሞላ ጀመር። የካቲትን ሞልቼ ነው ዳሌዬ ጨርሶ የከዳኝ። ሞኝ ነኝ፤ ስዋሽ እንኳ ቀን አልቆጥርም።

ሌላም አለ። ሳንቃዎቹን ለካፒቴኑ የፈቀድኩለት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሲዘሉ ውሃው አነሰብን ብሎ ለመነኝ፤ «ለአንድ በጋ» አልኩት። ደስ ይለኝ ነበር፣ በመስኮት ሆኜ ሲንቦጫረቁ ማየት። ሌላ የቀረኝ ሥራ ያ ብቻ ነበር። በአንድ ክንድ ውሃ ግድቡ ላይ ስንት ጭነት እንደጨመርኩ እያወቅኩ ነው።

ከዚህ ጋር ለቢሮው የጻፍኩት ደብዳቤ አለ። ፈርሜበታለሁ፣ ወንድምሽም እማኝ ሆኖ ፈርሟል። ከሐምሌ እስከ የካቲት ያለው ቁጥር ሁሉ ሐሰት ነው፣ የልጄን ልኬት እመኑ፣ ሳንቃውን ዛሬውኑ አንሡ ይላል። አንቺው እራስሽ አንብቢላቸው። ካፒቴኑም ይስማ። ስሜን ከመድረኩ ላይ ያውርዱት።

ውሃውን ስታጎድሉ ግን አትቸኩሉ! በአንድ ቀን ከአንድ ስንዝር አይለፍ። በአንዴ ካጎደላችሁት በውሃው በኩል ያለው ርጥብ አፈር ይናዳል፤ ያኔ ከእሳት ወደ ረመጥ ነው።

ልጄ፣ ዐይኔን በጨው ታጥቤ ሰዓትሽን አሠሪ አልኩሽ። ሰዓትሽ ልክ ነው።

አባትሽ

ሚያዝያ 18

አባዬ፣

ሹፌሩ በየቀኑ «አባትሽ ደብዳቤ የለም ወይ ብለው ቆመው ይጠብቁኛል» ይለኛል። ሦስት ጊዜ «ሁሉ ደኅና፣ ኋላ እጽፋለሁ» ብዬ በቃል ልኬብሃለሁ። እጄ አፈር ሆኖ ነው የከረመው። አሁን ቁጭ አልኩ።

በሹፌሩ በኩል የጠየቅከኝ አንድ ነገር ነው፤ ምን አሉ?

እውነቱን ልንገርህ። ደብዳቤህን ሳነብ መሃሉ ላይ ድምፄ ተቆረጠ፣ መሐንዲሷ ተቀብላ ጨረሰችው። ካፒቴኑ ኮፍያውን አወለቀ። የሚሳደብ መስሎኝ ነበር። «የታለ መኪናው?» ብቻ አለ። እኔና መሐንዲሷ ስንደርስ እሱ ከወገቡ በታች በስብሶ ሁለት ሳንቃ አንሥቷል። እራሱ የደረደራቸውን እራሱ አወጣቸው። ጥፍሩ ተነቅሏል።

በየቀኑ አንድ ስንዝር፣ እንዳልከው። ከተማው ውስጥ ግን ጉድ ፈላ። ዋናተኞቹ ለሦስት ወር የተለማመድነው ለጭቃ ነው ወይ ብለው ቢሮው ደጅ ተሰበሰቡ። ስለ አንተም አሉ፤ አልደብቅህም። «ሽማግሌው አታለለን» ያለ አለ። «እኛ ልጆቻችንን ወደ ሐይቁ የላክነው እሱን አምነን ነው» ያለች፣ ከግድቡ ሥር የምትኖር እናት አለች። ሰሌዳውን ከመድረኩ ላይ ነቅለውታል። ሲነቅሉት አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ሌላ ቦታ መሆን አልፈለግኩም።

አሁን ደግሞ የሚበልጠውን ስማ። ውሃው ሲጎድል ቱቦው ዙሪያ ቆፈርን። አባዬ፣ ቱቦውና አፈሩ ተለያይተው በመካከላቸው ዋሻ ተበልቷል። መሐንዲሷ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከተተችውና የጣቷ ጫፍ መጨረሻውን አልነካም። እጇን አውጥታ አፈሩን አራገፈችና «አንድ ወር ቢቀረው ነው» አለች። ደጅ የቆሙትን ዋናተኞች ጠርታ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ያቺ እናት ጎንበስ ብላ ዐይታ ስትነሣ እኔን አቀፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ቢሮው ደጅ የቆመ ሰው የለም፤ ሁሉም ግድቡ ሥር አካፋ ይዞ ነው የቆመው።

የተበላው ሁሉ ወጣ። ከቱቦው ዙሪያ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ደቃቅ ጠጠር፣ ቀጥሎ ሻካራው ተደለደለ፤ ውሃውን የሚያሳልፍ አፈሩን የሚያስቀር። ከላዩ ጭቃ አፈር በስንዝር በስንዝር እየተረገጠ ተሞላ። ዋናተኞቹ ረገጡት። ካፒቴኑ ፊሽካ እየነፋ በሰልፍ ሲያስረግጣቸው ብታየው በሣቅ ትሞታለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ካፒቴን መሰለ።

ቁጣዬ ያልኩህ መጥቶ ሄደ። አንድ ማታ ብቻዬን አልጋህን በእርግጫ መታሁት። ይኸው ነው።

ልጅህ

ሚያዝያ 24

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት እየተራመድኩ ነው፤ ስጨርስ መቶ ሃያ እርምጃ ሄጃለሁ። ሐኪሙ ይህን ቢያውቅ ይጮህብኝ ነበር፤ ደግነቱ አልሰማውም።

አትምጣ ትይኛለሽ ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ አንቺ ግን በሹፌሩ በኩል ና ብለሽ ላክሽብኝ። አልመጣም። ያቺ እናት ያለችው ሆዴ ውስጥ ገብቷል። ትክክል ናት። በምን ፊቴ እቆማለሁ? እግሬ ይዳን ይሆናል፤ ይህኛው ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሰሌዳው ሲነቀል ቆመሽ ማየትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ ሲያነበው ወጥቶ ሄዶ በረንዳ ላይ ቆመ።

ክረምቱን ፍሪ። አዲስ የተሞላ አፈር የመጀመሪያ ክረምቱን እስኪያልፍ አይታመንም። የሚፈተነው ያኔ ነው፤ ቢይዝ ለሃምሳ ዓመት ይዟል። ሣር ቶሎ አስተክይበት። እና በየዓርቡ ጻፊልኝ፣ ቁጥሩን ብቻ። ሌላ ሰላምታ አልፈልግም።

አባትሽ

ነሐሴ 13

አባዬ! አባዬ! አባዬ!

ይዟል!

ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን አላባራም። አንተ በሠላሳ አንድ ዓመት ያላየኸውን ዝናብ እኔ በመጀመሪያ ክረምቴ አየሁት። ረቡዕ ረፋድ ላይ ወንዙ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ መጣ። ሐይቁ በየሰዓቱ ስንዝር ስንዝር ይጨምር ነበር። የሥልሳውን ቤት ሰው ቀድመን ኮረብታው ላይ አውጥተነዋል፤ ፕላስቲክ ወጥረው ከዚያ ያዩኝ ነበር። መሐንዲሷ አናቱ ላይ፣ ካፒቴኑ የትርፍ ውሃው አፍ ላይ፣ እኔ ግርጌ። በደረጃው ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አትጠይቀኝ። አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። ለሁሉም ሰው ወድቄያለሁ ብያለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ውሃው ከግድቡ አናት ሊደርስ ሁለት ክንድ ቀረው። ሁለት ክንድ! ሳንቃዎቹ ቢኖሩ ኖሮ አንድ ክንድ ነበር፤ ያ የተበላው ዋሻ ቢኖር ደግሞ እስከዚያም አይቆይም ነበር። ትርፉ ውሃ በማስወገጃው ሲወርድ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። አንተ እንኳ ትሰማው ነበር!

እኔ ባልዲውን ያዝኩ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። በብርጭቆ ቀዳሁና ወደ ሰማዩ አነሣሁት። ማዶ የቆመው ካፒቴን በብርጭቆው ውስጥ አልፎ ታየኝ፣ ከነጢሙ። ንጹህ ነው ብዬ ጮህኩ። በዝናቡ አልሰማኝም፤ ብርጭቆውን ሳወዛውዝለት ገባው። ያ ትልቅ ሰውዬ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከኮረብታው ላይ ጩኸት መጣ። መጀመሪያ የሞት መስሎኝ ደነገጥኩ። እልልታ ነው!

አሥር ሰዓት ላይ ውሃው መጉደል ጀመረ። ሥልሳው ቤት እንዳለ ነው። አንዲት ዶሮ ጠፍታ ነበር፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተገኘች።

ያቺ እናት ወደ ቤቷ ስትወርድ በጥበቃ ቤቱ በኩል አልፋ ለአንተ የምትልከው መልእክት ሰጠችኝ። እንዳለችው ልጻፈው፦ «ለአባትሽ ዛሬ ልጆቼ በአልጋቸው ይተኛሉ በይው።»

መሐንዲሷ ደግሞ የምታስበው አላት። በዙሪያችን አሥራ አራት ትንንሽ የአፈር ግድቦች አሉ፤ ጠባቂዎቻቸውን ሰብስባ ልታሠለጥን ነው። አንተ እንድትናገር ትፈልጋለች። እሺ ሳትል ሹፌሩን እንዳትመልሰው።

ልጅህ፣ ከእንግዲህ ጊዜያዊ ያልሆነችው! የሹመት ደብዳቤው ትናንት መጣ።

ነሐሴ 15

ለግድብ ጠባቂዋ፤

ደብዳቤሽን ምራቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ ከዚያ እኔ አነበብኩት፣ ከዚያ ወንድምሽ ለጎረቤት አነበበው። ይዟል ያልሽው ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ተነሣን። አንጀቴን አራስሽው፣ ልጄ። ደረቴን ነፍቼ በሦስት ፎቅ ደረጃ ወርጄ ሹፌሩን አቀፍኩት። አዎ፣ በደረጃ። ሐኪሙ ይጩህ።

ለዚያች እናት የሚባለውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ በይልኝ።

የመሐንዲሷ ጥያቄ ግን ከበደኝ። አሥራ አራት ጠባቂ ፊት ምን ብዬ ነው የምቆመው? እኔ ያልሠራሁትን እናንተ ሥሩ ልበል? ምን ልንገራቸው?

አባትሽ

መስከረም 22

አባዬ፣

«ምን ልንገራቸው» ላልከው መልሱ አጭር ነው፤ ለእኔ የነገርከኝን። ለቢሮው የጻፍከውን ደብዳቤ ይዘህ ሂድ፣ ሌላ አያስፈልግህም።

አሁን ከሚያዝያ የተላለፈውን የውድድሩን ወሬ ልስጥህ። ትናንት ሆነ! ሰማንያ አራት ዋናተኛ ገባ፣ ሰማንያ አራቱም ወጣ። የወጣውን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ትርፉ ውሃ በሚወጣበት አፍ ፊት ለፊት ወፍራም ገመድ ከነተንሳፋፊው ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ ጀልባም ሰውም አያልፍም። ውሃው ውስጥ የቆመ ምሰሶ አለ፤ ቀዩ ምልክት ከተሸፈነ ማንም አይዋኝም። ይህን ሕግ ያወጣው ማን ይመስልሃል? ካፒቴኑ! አንድ ዋናተኛ ገመዱን ሊያልፍ ሲል የጮኸበት ጩኸት እኔንም አስደንግጦኛል።

አንደኛ የወጣችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት፣ ከግድቡ ሥር ያለችው። ከውሃው ስትወጣ ሽልማቷን እንኳ ሳትቀበል ወደ ግድቡ ሄዳ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተኛች። ምነው ስንላት «ልመርቀው ብዬ ነው» አለች። ሰው ሁሉ ሄዶ አጠገቧ ተኛ። የግድቡ ጀርባ ሰው ብቻ ሆነ። ላም ቢሆን አባርር ነበር።

ስልጠናው ጥቅምት 2 ነው። አንተ ካለህበት ከተማ ነው፤ ሰበብ የለህም።

ልጅህ

ጥቅምት 3

ልጄ፣

ሄድኩ።

አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ወንበሩ ብረት። ወንድምሽ በአንድ ክንዴ፣ ከዘራዬ በአንዱ። ጠባቂዎቹን ሳያቸው የኔው ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ እጃቸው የተሰነጣጠቀ፣ ከከተማ ልብስ ጋር የማይስማሙ። አምስቱ በዕድሜ ከእኔ ቢያንሱ በጥቂት ነው። መሐንዲሷ ስታስተዋውቀኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉ ስትል አጨበጨቡ። ቆይ አታጨብጭቡ አልኳቸው።

ከዚያ አነበብኩላቸው። ከሐምሌ እስከ የካቲት ያለው ቁጥር ሁሉ ሐሰት ነው የሚለውን። መውደቄን፣ ደረጃውን መፍራቴን፣ ሆስፒታል ተኝቼ የለካሁትን። እዚያ ላይ የሚሥቁ መስሎኝ ቀና አልኩ። ማንም አልሣቀም። ሁሉም ጫማውን ያያል። እግራችሁ ሲያማችሁ ተናገሩ፣ ቤቱን ያስለቅቁናል ብላችሁ አትፍሩ፣ እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ ይኸው አልሞትኩም አልኳቸው። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ወንድምሽ ነው። ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ረጅም፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ። የሆነ ነገር አለ፣ አዳራሹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። መሐንዲሷ ወዲያው ከመድረኩ ወረደች፣ እጁን ይዛው ወጣች። መኪና ሲነሣ በመስኮት አየሁ። ወንድምሽ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «እኔም ከግንቦት ጀምሮ አልወረድኩም» ነው ያለው አለኝ።

ዛሬ ቀትር ላይ ሁለቱም ወደዚህ ቤት መጡ፣ በሦስት ፎቅ ደረጃ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። የእሱ ቱቦም ደፍርሷል። ጠዋት ውሃውን ማጉደል ጀምረዋል፣ በቀን አንድ ስንዝር። ከእሱ ግድብ ሥር ትምህርት ቤት አለ፣ ልጄ፤ ስድስት መቶ ልጅ። ደርሰውበታል! ገና ጊዜ አለው፤ መሐንዲሷ ምላለች።

ሰውየው ወንበር እምቢ አለ፣ ሻይ እምቢ አለ። ፊቴ ቆሞ እንድሰማው ጮክ ብሎ «እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ እኔም አልናገርም ነበር» አለኝ።

«እኔንም ልጄ ባትጠይቀኝ ኖሮ» አልኩት።

አባትሽ